ስታንሊ፦ መንደሩና ሰዎቹ

በእንግሊዝ አገር መካከል፣ ስታፈርድሸር በተባለው አውራጃ፣ ሊክ ከምትባል የገበያ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ስታንሊ የምትሰኝ ትንሽ የገጠር መንደር አለች። አካባቢው ኮረብታማ የግጦሽ አገር ነው። ከመንደሯ አጠገብ ለጀልባ ቦይ ውኃ እንዲያጠራቅም ተብሎ የተሠራ ኩሬ ይገኛል፤ እርሱም ስታንሊ ፑል፣ ማለትም የስታንሊ ኩሬ ይባላል። ስለ መንደሯ ከዚህ አልፎ የሚተረክ ብዙ ነገር የለም። ስሟ ግን ከእርሷ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ የፎክላንድ ደሴቶች ዋና ከተማ ስታንሊ ትባላለች። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ቡድኖች በየዓመቱ የሚሻሙበት ዋንጫ የስታንሊ ዋንጫ ይባላል። በኮንጎ ወንዝ ላይ በዚሁ ስም የሚጠሩ ፏፏቴ፣ ሐይቅና ከተማ ነበሩ። ስሙን የያዙ ሰዎችማ ስፍር ቁጥር የላቸውም።

ውድ አንባብያን፣ የእንግሊዝ መንደር ለእኛ ምናችን ነው እንደምትሉ ይገባኛል። ነገሩን ያነሳው አንድ ወንድም ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሲያገላብጥ የተርጓሚውን ስም አየና፣ «ይኸ ስታንሊ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የመጣው ጋዜጠኛ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። ሁለቱም ግን ሄንሪ ስታንሊ ይባላሉ፤ የኖሩት በአንድ ዘመን ነው፤ የሞቱትም በአምስት ወር ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ከአገራችን ታሪክ ጋር ተነካክተዋል። አንደኛው ደግሞ ሙስሊም ነበር። የስሙን ነገር ከሥሩ ብንከተለው የምናተርፈው አለ ብዬ ስላሰብኩ ብዕሬን አነሳሁ።

ስሙ በጥንቱ እንግሊዝኛ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። «ስታን» ድንጋይ ማለት ነው፤ «ሌያ» ደግሞ ጫካ ተመንጥሮ የተገኘ ገላጣ መሬት ነው። ድንጋያማ ምንጣሮ እንደማለት ይሆናል። እንዲህ ያለው ቦታ በእንግሊዝ ብዙ በመሆኑ ስታንሊ የሚባሉ መንደሮችም ብዙ ናቸው፤ በደርቢሸር አለ፣ በደራም አለ፣ በግሎስተርሸርም አለ። የስታንሊ መኳንንት ቤተሰብ ግን ስሙን የወሰደው ከስታፈርድሸሯ መንደር ነው። የቤተሰቡ ታሪክ እንደሚለው በ12ኛው ምዕተ ዓመት የኦድሊ ቤተሰብ ተወላጅ የሆነ ዊሊያም የሚባል ሰው በዚያች መንደር ርስት ያዘና «ዊሊያም ደ ስታንሊ»፣ የስታንሊው ዊሊያም ተባለ። ኦድሊም ራሷ የዚያው አውራጃ መንደር ናት። ሰውየው መሬት ሲለውጥ ስሙም አብሮ ተለወጠ ማለት ነው።

ከጊዜ ብዛት «ደ» የምትለዋ ቃል ወደቀች። እኛ «የ» ብለን ከስም ፊት የምናስቀምጣት ዓይነት ቃል ናት። እርሷ ስትወድቅ ሰውየውና መንደሯ አንድ ስም ሆኑ። ቃሏ ትንሽ ናት፤ ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ ያለው እርሷ ላይ ነው። «የስታንሊው» የተባለ ሰው የመጣበት መሬት ባለውለታው መሆኑን ስሙ ይመሰክርበታል። «ስታንሊ» ብቻ የተባለ ሰው ግን ስሙ የግል ንብረቱ ሊመስለው ይችላል።

በዐረብኛ ይህችን አደራ የምትጠብቅ ፊደል አለች። ዑለሞቻችን ኒስባ የሚሉት ነው፤ ከአገሩ ስም መጨረሻ ላይ የምትቀጠል «ይ» ናት። ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) የተወለዱት በ631 ሂጅሪያ በሶሪያ፣ ሐውራን በሚባለው አገር፣ ነዋ በምትባል መንደር ነው። በ676 ሂጅሪያ የሞቱትም የተቀበሩትም እዚያችው መንደር ነው። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ዓመት ብቻ ነበር። ነዋን ከሐውራን ውጭ ማን ያውቃት ነበር? ዛሬ ግን አርባዒንን የቀራ የወሎ ደረሳም ሆነ የጃቫ ደረሳ በየቀኑ ያነሳታል። ይሁንና ነወዊ ሲባሉ ነዋ አልተባሉም። «ይ»ዋ በመሐል ቆማ፣ ሰውየው ከዚያች መንደር የወጣ ነው እንጂ መንደሯ የእርሱ አይደለችም ትላለች። ኢማም አል-ቡኻሪም እንዲሁ ከቡኻራ፣ ኢማም አት-ቲርሚዚም ከቲርሚዝ ናቸው።

ከእኛው አካባቢም ቢሆን በዚህ ዓይነት የሄዱ ስሞች አሉ። «ነስቡ ራያ» የተባለውን የሐዲስ ኪታብ ያዘጋጁትና በ762 ሂጅሪያ ያረፉት ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ስማቸው የዘይላን ወደብ ይዞ ካይሮ ገብቷል። ናፖሊዮን በ1798 እ.ኤ.አ. ግብጽን ሲወር ያየውን የመዘገበው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ በ1753 ካይሮ ተወልዶ እዚያው ያደገ ነው። የአያት ቅድመ አያቶቹ አገር ጀበርት ግን እስከ ዛሬ በስሙ ላይ አለ። በአል-አዝሃርም ከዚህ አገር ለሄዱ ደረሶች የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ቢላል አል-ሐበሺን (ረ.ዐ) ደግሞ ማን ይረሳል?

ወደ ሁለቱ ሄንሪዎች እንመለስ።

የመጀመሪያው ሄንሪ ኤድዋርድ ጆን ስታንሊ በ1827 የተወለደ የመኳንንት ልጅ ነው። የእርሱ የዘር ሐረግ ከስታፈርድሸሯ መንደር በቀጥታ መስመር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቼሸር አውራጃ አልደርሊ መንደር የተተከለው ነው። በእንግሊዝ የስታንሊ ሎርዶች ስለበዙ ይህኛውን ከሌሎቹ ለመለየት «የአልደርሊው ሎርድ ስታንሊ» አሉት። ልብ በሉ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የወደቀችው «የ» በሌላ መንደር በኩል ተመልሳ መጣች። አንድ መንደር ለማስታወስ ሌላ መንደር አስፈለገ።

ይህ ሰው በካምብሪጅ ዐረብኛ አጠና። ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሥራ በቁስጥንጥንያና በአቴና አገለገለ፤ በምሥራቅ አገሮችም ብዙ ተጓዘ። አባቱ በ1869 ሲሞት የሎርድነቱን መንበር ወረሰ። እስልምናን የተቀበለው ግን ከዚያ በፊት ነበርና የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት የመጀመሪያው ሙስሊም አባል ሆነ። በምክር ቤቱም ስለ ሕንድና ስለ ሌሎች የምሥራቅ አገሮች ጉዳይ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ቤተሰቡ የሚያስገርም ነው። አንዱ ወንድሙ አልጀርነን የካቶሊክ ጳጳስ ሆነ። በአምላክ አላምንም ያለው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል የእህቱ የኬት ልጅ ነው። በርስቱ ላይ የነበሩትን መጠጥ ቤቶች አዘጋ ይባልለታል። ይህን ለእስልምናው ብቻ መስጠት ግን ይከብዳል፤ እህቱ ሮዛሊንድ ሙስሊም ሳትሆን የጸረ መጠጥ ዘመቻ መሪ ነበረችና።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች ሁልጊዜ የሚያነሱትን ጥያቄ መዝለል አልፈልግም። ሰውየው ሙስሊም ከሆነ ለምን በዐረብ ስም አልተጠራም? በሕዝብ ፊት፣ በምክር ቤትም በመጽሐፎቹም ላይ፣ ስታንሊ እንደተባለ ኖሮ ሞተ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም ያላቸውን ስሞች ይለውጡ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው፤ ዓሲያ፣ እምቢተኛዋ፣ የተባለችውን ሴት ጀሚላ ብለዋታል። ዑመር፣ ኻሊድ፣ ሐምዛ (ረ.ዐ) ግን በጃሂሊያ ዘመን በወጣላቸው ስም ሰለሙ፣ በዚያው ስም ኖሩ፣ በዚያው ስም ሞቱ። ሰልማን (ረ.ዐ) አል-ፋሪሲ፣ ፋርሳዊው፣ እንደተባሉ ቀሩ። ድንጋያማ ምንጣሮ ማለት ሽርክም ነውርም የለበትም። የአባትን ስም ይዞ መቆየት፣ የአባትን ሃይማኖት ይዞ መቆየት አይደለም። እንዲያውም ከአባት ወደ ሌላ ሰው መጠጋት ነው በዲናችን የተነወረው። ወላሁ አዕለም።

አንድ ሌላ ነገር ግን ለፊቅህ ሰዎች እተወዋለሁ። ሎርዱ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት የወረሰው ርስት ነበረው። በዚያም አንዳንድ ያረጁ ቤተ ክርስቲያኖችን በገንዘቡ አሳድሷል። ከእነርሱ መካከል በ1884 የታደሰው የላንባድሪግ ቤተ ክርስቲያን ይገኝበታል። ውስጡ ሰማያዊ ሸክላና የመስጊድ ጌጥ የሚመስል የመስመር ንድፍ አለው። የመሬት ጌታ ለጭሰኞቹ ያለበትን ግዴታ መወጣቱ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ለእኛ ትልቁ ሥራው መጽሐፍ ነው። ሎርድ ስታንሊ ሀክሉት ማኅበር ለሚባለው የጉዞ ታሪክ አሳታሚ የቫስኮ ዳ ጋማንና የማጄላንን ጉዞዎች ተርጉሟል። በ1881 ደግሞ የአልቫሬዝን መጽሐፍ ከፖርቱጋልኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አልቫሬዝ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ገብቶ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ቄስ ነው። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በፊት የነበረችውን ኢትዮጵያ በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ነውና ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ከእርሱ ደጅ ይጠናል። ስለ ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያኖች የጻፈውን ብዙ ሰው ያውቃል። በትግራይ በኩል ሲያልፍ ስላያት፣ ነዋሪዎቿ ለንጉሡ ግብር የሚከፍሉ ሙስሊሞች ስለሆኑባት ማናዴሌ ስለሚላት ከተማ የጻፈውን ግን ከእኛ ስንቱ አንብቦታል? በገበያዋ ከካይሮ፣ ከጂዳ፣ ከመግሪብና ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎችን አይቷል። ያ ሁሉ ከጦርነቱ በፊት ነው። ቄስ የጻፈውን ሙስሊም ተረጎመው። ተመራማሪዎቹ ቤኪንግሃምና ሀንቲንግፎርድ በ1961 መጽሐፉን አርመው እንደገና ሲያሳትሙም መነሻቸው ያው የሎርድ ስታንሊ ትርጉም ነበር፤ ስሙም ከመጽሐፉ ፊት ላይ አልተነሳም።

ሁለተኛው ሄንሪ ስታንሊ ከዚያች መንደር ጋር የደምም የርስትም ዝምድና የለውም። በ1841 በዌልስ፣ ደንቢ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ስሙ ጆን ሮውላንድስ ነበር። እናቱ ሳታገባ ስለወለደችው በመዝገብ ላይ «ዲቃላ» የሚል ቃል ተጻፈበት። እናቱ ትታው ሄደች። ልጅነቱን ያሳለፈው የድሆች ማጎሪያ በሚባለው ቤት ነው። በ1859 በመርከብ ሠራተኝነት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ወረደ። በዚያች ከተማ ሄንሪ ሆፕ ስታንሊ የሚባል የጥጥ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው እንደ ልጁ እንዳሳደገውና ስሙን እንደሰጠው በኋላ ራሱ ጻፈ። ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ግን ይህን አይቀበሉትም፤ ስሙን ራሱ ሳይወስደው አይቀርም ይላሉ። «ሞርተን» የሚለውንም ከጊዜ በኋላ ጨመረበት።

ይህን ልጅ ለመውቀስ አልቸኩልም። ሕፃን ምን አጠፋና ነው ስድብ ከልደቱ መዝገብ ጋር የሚጻፍበት? ሱረቱል አሕዛብ በአምስተኛው አንቀጽ ላይ ለዚህ ጉዳይ መልስ አላት። የሌላ ሰው ልጅ ያሳደገ ሰው ልጁን በእውነተኛ አባቱ ስም እንዲጠራው ታዛለች፤ አባቱ ካልታወቀ ደግሞ የሃይማኖት ወንድም ነው ትላለች እንጂ የስድብ ስም አትሰጠውም። ሰዎች ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይሏቸው የነበሩት ሶሃባ በዚህ ትእዛዝ ወደ አባታቸው ስም ተመልሰው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ተባሉ። በዓለም ላይ ካለ ስም ሁሉ የሚበልጠውን መጠሪያ አጡ። ነገር ግን ከሶሃባዎች መካከል በቁርአን ውስጥ በስማቸው የተጠሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም «ዘይድ» ተብለው፣ ያለ ማንም ቅጥያ።

ጆን ሮውላንድስን ወንድም የሚለው ስላልነበረ የጌቶች ስም ፈልጎ አገኘ። በዚያ ስም ጋዜጠኛ ሆነና በ1868 የኒውዮርክ ሄራልድ ወኪል ሆኖ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር አገራችን ገባ። አስቀድሞ በስዊዝ የቴሌግራም ሠራተኛውን በገንዘብ ይዞት ስለነበር፣ የመቅደላ መውደቅና የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ዜና ከመንግሥት መልእክት በፊት ለንደን የደረሰው በእርሱ ጋዜጣ በኩል ነው። ዜናው ካለፈ በኋላ ከእስክንድርያ ወደ ማልታ የሚሄደው ገመድ ተበላሸና ሌሎቹ መልእክቶች ዘገዩ። ዝናው የተጀመረው እንግዲህ ከእኛ አገር እሳት ላይ ነው። በ1871 ኡጂጂ ድረስ ሄዶ ሊቪንግስተንን አገኘ። ከ1879 እስከ 1884 ደግሞ ለቤልጅጉ ንጉሥ ለሊዮፖልድ ተቀጥሮ የኮንጎን መንገድ ከፈተ። በዚያ መንገድ የገባው አገዛዝ በጎማ ግብር በኮንጎ ሕዝብ ላይ ያደረሰው ግፍ በዓለም የታወቀ ነው።

መንገዱን ሲያሠራ አለቱን በመዶሻ እያስፈለጠ ስለነበር የኮንጎ ሰዎች «ቡላ ማታሪ» አሉት፤ ድንጋይ ሰባሪ ማለት ነው። ድንጋያማ ምንጣሮ የሚል ስም ከሌላ ወስዶ ለብሶ ለመጣው ሰው፣ ምንም የማያውቁት ሰዎች ድንጋይ ሰባሪ የሚል ስም አወጡለት። ሰውየውም ኮርቶበታል። ኋላ ግን በኮንጎ ቡላ ማታሪ ሲባል ቅኝ ገዥው መንግሥት ራሱ ማለት ሆነ።

ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የ12ኛው ምዕተ ዓመት ዊሊያም ከመሬት ስም ተቀበለ። የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሄንሪ ለመሬት ስም ተሰጠ። ፏፏቴው ስታንሊ ፎልስ፣ ከተማው ስታንሊቪል፣ ሐይቁም እንደዚያች የስታፈርድሸር ኩሬ ስታንሊ ፑል ተባለ። የአገሬው ሰው ግን ውኃውንም መሬቱንም ድሮ በስሙ ይጠራ ነበር። በ1966 ከተማው ኪሳንጋኒ ተባለ፤ ፏፏቴው ቦዮማ፣ ሐይቁም ማሌቦ ሆኑ። በርዌንዞሪ ተራሮች ላይ 5,109 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ብቻ እስከ ዛሬ ስታንሊ ይባላል።

ቦታ በሰው ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ጥፋት ነው አልልም። በባሌ የሸህ ሑሴን ከተማ በስማቸው የሚጠራው ማንም ወራሪ ካርታ ላይ ጽፎት አይደለም፤ ሕዝቡ ራሱ ስለሚወዳቸው ነው። ልዩነቱ ስሙን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ላይ ይመስለኛል። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰዎች ነገድና ጎሳ የተደረጉት እንዲተዋወቁ መሆኑ ተነግሯል። ለመተዋወቅ ደግሞ የሌላውን ስም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሳይጠይቁ የራስን ስም መለጠፍ ሌላ ነገር ነው።

እኛ በአባታችን ስም የምንጠራ ሕዝቦች ነን፤ የቤተሰብ ስም የለንም። አውሮፓ የሚኖሩ ወንድሞቻችን ቅጽ ሲሞሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል መስመር ይገጥማቸውና የአያታቸውን ስም ይጽፋሉ። ልጆቻቸውም ያንኑ ስም ይዘው ይቀጥላሉ። ከሁለት ትውልድ በኋላ በበርሚንግሃም ወይም በስቶክሆልም አንድ ልጅ በማያውቀው የቦረና ሳይንት ወይም የጅማ ሽማግሌ ስም ይጠራል። «የ» የምትለዋን ቃል አሁን ካልነገርነው፣ ስሙ የማን እንደነበር እርሱም እንደ ስታንሊዎች ሊጠፋበት ነው።

ጋዜጠኛው ስታንሊ በግንቦት 1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ሞተ። ዌስትሚንስተር እንዲቀበር ተጠይቆ የደብሩ አለቃ ስላልፈቀደ፣ በሰሪ አውራጃ ፐርብራይት በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበሩት። መቃብሩ ላይ ያልተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩ ላይ ስሙ፣ ከሥሩ «ቡላ ማታሪ»፣ ከዚያ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ ከዚያም «አፍሪካ» የሚል ተጽፏል። ጆን ሮውላንድስ የሚለው ግን የለበትም። ከዚያ በእግር የሚኬድ መንገድ ላይ የብሩክውድ የመቃብር ስፍራ አለ፤ ቁርአንን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት ፒክታልና ዐብዱላህ ዩሱፍ ዐሊ የተቀበሩት እዚያ ነው።

የአልደርሊው ስታንሊ ከእርሱ ቀድሞ በታኅሣሥ 1903 እ.ኤ.አ. አርፏል። የተቀበረው ከአባቶቹ ጋር በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይሆን በራሱ ርስት ላይ፣ አልደርሊ ውስጥ ነው። ከለንደን የዑስማኒያ ኤምባሲ ኢማም መጥቶ በእስልምና ሥርዓት ዱዓ አደረገለት። በሊቨርፑል መስጊድም ሸህ ዐብዱላህ ኩዊሊያም ኢማም ሆነው ምእመናኑ ሰላተል ጃናዛ ሰገዱለት።